ንጉሡ ሠ፣ ዓይኑ ዐ

ወንድሜ ሙሐመድያሲን መጽሐፍ ገዝቶ የማያነብ ሰው ነበር። ይህን ስል ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ከምሸጥባት ሱቄ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እሷን በአሮጌ መጽሔት፣ በድሮ የትምህርት ቤት መጽሐፍና በሥዕል መጽሐፍ ሞልቷታል፤ እያንዳንዱንም በላስቲክ ጠቅልሎ ደርድሮታል። «ለምን አታነበውም?» ሲሉት «ካነበብኩት ይታጠፋል» ይላል። እኔም አፌ አያርፍምና «እንግዲያው እኔም ጨርቁን አልሽጠው፤ ከተሰፋ ይቀደዳል» እለዋለሁ።

ከሁሉም የሚሳሳለት አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር፤ «ከሳሿ በቅሎ» ይባላል። ጌታዋን ፍርድ ቤት ስላቆመች በቅሎ በሥዕል የሚተርክ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የታተመ ኮሚክ ነው። ግንደወይን ውስጥ የአንድ ሟች መምህር ቤተሰቦች የቤቱን ወረቀት በኪሎ ሲሸጡ ከሳጥኑ ሥር አገኘው። የድሮ የአማርኛ ኮሚክ የሚሰበስቡ ሰዎች በቴሌግራም ይገናኛሉ። ፎቶውን እዚያ ሲለጥፈው ሌላ ቅጂ አለኝ የሚል አንድም ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ሙሐመድያሲን ስለ ሌላ ነገር ማውራት ተወ።

የአክስታችን ልጅ ጁማና ዱባይ ትሠራለች። በእሷ በኩል ውጭ አገር ላለ አንድ ኮሚክ መርማሪ ድርጅት ላከው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ የመጽሐፉን ጠርዝ፣ ስፌቱን፣ እድፉን እያዩ ከአሥር ነጥብ መስጠት ነው። ነጥቡን ከሰጡ በኋላ ዳግመኛ የሰው እጅ እንዳይነካው በጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ፕላስቲኩ ከተከፈተ ነጥቡም አብሮ ይሞታል። «ከሳሿ በቅሎ» ሰባት ነጥብ አምስት ይዛ ተመለሰች።

«ሰባ አምስት ከመቶ?» አልኩት። «አባታችን ይህን ውጤት ይዘህለት ብትገባ እራት ትበላ ነበር?»

አልሳቀም። ፕላስቲኩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ የሚኖር ባምላኩ የሚባል ሰብሳቢ ደወለ። መጽሐፉን በጥሩ ዋጋ እንደሚገዛ ተናግሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ሠዓሊው በሕይወት አሉ?» ወንድሜም አሉ፤ ቢቸና ናቸው አለው። «እንግዲያው አስፈርማቸው። የሠሪው ፊርማ ካለበት ዋጋው ሌላ ነው» አለው።

ደንበኛ ሲጠፋ ስለዚህ ፊርማ ስንከራከር ሰነበትን።

«እውነት ግን ፊርማ ዋጋ ይጨምራል?» አልኩት።

«እንደ አፈራረሙ ነው። የድርጅቱ ታዛቢ ቆሞ እያየ ከተፈረመ ይጨምራል። ያለ ታዛቢ ከሆነ ግን ልጅ በእስክሪብቶ እንደሞነጨረው ነው የሚቆጠረው። እንዲያውም ነጥብ ይቀንሳል።»

«የገዛ ሥራቸው ላይ የገዛ ስማቸውን ቢጽፉም?»

«ቢጽፉም።»

«እና ታዛቢው ቢቸና ድረስ ይመጣል?»

«አይመጣም። ለዚህ ነው ፕላስቲኩ ላይ የሚፈርሙት። መጽሐፉ አይነካም። አንቺ በስልክ ትቀርጫቸዋለሽ፤ ባምላኩ ቪዲዮው ይበቃኛል ብሏል።»

ሰው ልትጠይቅ ሄደህ በሩን ሰላም ብለህ እንደመመለስ ነው አልኩት። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ ምክንያቱም ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ክፍል ባዶ ነበር። ሙሐመድያሲን ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚያልመው አንድ ነገር ነው፤ ሞጣ ውስጥ የራሱ የመጽሐፍ ሱቅ። ከበቅሎዋ የሚገኘው ገንዘብ ክፍሉን ይዞ መደርደሪያ ለማሠራት ይበቃዋል። ካልሆነ ክፍሉን አንድ ሞባይል ጠጋኝ ሊወስደው ነው። ወንድሜን ስስቅበት ብውልም እወደዋለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ሱቄን ቆልፌ አብሬው ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ መጽሐፉን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ረዳቱ ዕቃውን ላይ ልስቀለው ቢለው ሊጣላው ደረሰ። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ አንዲት ሴትዮ ፎጣውን አይተው «መስታወት ነው ልጄ?» አሉት።

«መጽሐፍ ነው እማማ።»

«ታዲያ መንገዱ ረጅም ነው፤ ምነው አታነበውም?»

መስኮቱን እያየሁ ቢቸና እስክንደርስ ሳቄን ዋጥኩ።

ቢቸና ላይ የሥዕል አስተማሪው የጋሼ ይርሳው ቤት የቱ ነው ስንል የመጀመሪያው ሰው አሳየን። የከተማው ግማሽ ያህሉ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አምሳለች በር ላይ ተቀብለው አስገቡን፤ ሻይና ቆሎ አቀረቡልን። ጋሼ ይርሳው ረጅም ሰው ናቸው። ነጭ ኩታ ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ለኦፕሬሽን ባሕር ዳር ተራ እየጠበቁ እንደሆነ እትዬ አምሳለች ነገሩን። «ሐኪሙ ይድናል አለ፤ እሱ ግን ካላየሁ አላምንም ይላል» አሉ።

ሙሐመድያሲን የመጣበትን ጉዳይ በአክብሮት አስረዳ። ከዚያ ፎጣውን ፈትቶ መጽሐፉን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ጋሼ ይርሳው ፕላስቲኩን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ምን አጥፍታ ነው በቅሎዋ የታሰረችው?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ነጥቡን፣ ማሸጊያውን፣ ድርጅቱን አስረዳቸው።

«በምን በኩል ይከፈታል?»

«አይከፈትም ጋሼ።»

«ታዲያ በምን ይነበባል?»

«አይነበብም። ይቀመጣል።»

ተነሥተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። በደህናው ዓይናቸው ፊት አስጠግተው ሽፋኑን አዩ። ሽፋኑ ላይ ዳኛ ፊት የቆመች በቅሎ አለች፤ ከሥሯ የሠዓሊው ስም በኅትመት ፊደል ተጽፏል። እዚያ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ደስታ መስሎኝ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ።

«አንብብልኝ ልጄ፤ ምን ይላል?» አሉት።

«ሰአሊ ይርሳው ፋንታ።»

«የትኛው ሰ ነው?»

ሙሐመድያሲን ግራ ገባው። «ሰ ነዋ ጋሼ። ሰ።»

«ጀመረ እንግዲህ» አሉ እትዬ አምሳለች በቀስታ።

ጋሼ ይርሳው ተመልሰው ተቀመጡና መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «እኔ ሥዕል ከመያዜ በፊት መርጡለ ማርያም ቅኔ ተማሪ ነበርሁ» አሉ። «መምህሬ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ይባላሉ። ቅኔውን ጥዬ ወደ ሥዕል ስሄድ አዘኑብኝ። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ሲታተም ከሰው ሁሉ በፊት ለእሳቸው ላሳይ ቋመጥሁ። የውስጡን ጽሑፍ ሁሉ በገዛ እጄ ነው የጻፍሁት፤ ማተሚያ ቤቱ እንዳለ ፎቶ አንሥቶ አተመው። ሽፋኑን ግን እነሱ ናቸው በማተሚያ መኪና ፊደል ለቅመው የጻፉት። መጽሐፉ በጆንያ ተጭኖ በአውቶቡስ ሲመጣ አንዱን መዝዤ ሮጥሁ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠው ነበር። ተቀበሉኝ፤ ሽፋኑን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ምን አሉኝ መሰለህ?»

«ምን አሉ?»

«ልጄ፣ ምን ልስጥህ? አሉኝ።»

እኔም ወንድሜም አልገባንም። እትዬ አምሳለች ናቸው የፈቱልን። «በግእዝ ሥዕል የሚሠራው ሠዓሊ ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ነው የሚጻፈው» አሉ። «ማተሚያ ቤቱ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ለቀመው። እንዲያ ሲሆን የሚለምን ሰው ማለት ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ለማኝ ይርሳው ሆነ።»

«ተማሪዎቹ መሬት እስኪነኩ ሳቁ» አሉ ጋሼ ይርሳው። «ካህናቱ በቅዳሴ ሰአሊ ለነ ይሉ የለም? ለምኝልን ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ስወጣ ከኋላዬ ሰአሊ ለነ እያሉ ያዜሙ ነበር። አንዱማ ቅኔ ቆጠረብኝ፤ ጥሩ ቅኔ ነበር፣ ያ ነው የባሰኝ። እንግዲህ ማተሚያ ቤቶቹ ንጉሡን ሽረው እሳቱን አስቀመጡብኝ፤ ዓይኔንም አወጡት። እኔም በእሳቱ ፈረድሁ። ያልተሸጠውን ሁሉ ሰብስቤ አቃጠልሁት፤ የተሸጠውንም እየዞርሁ መልሼ ገዝቼ አቃጠልሁት። ሌላ መጽሐፍ አልሠራሁም። ይህች አንዷ እንዴት እንዳመለጠችኝ አላውቅም።»

ወንድሜን አየሁት። ምን እንደሚያስብ ገብቶኛል። መጽሐፉ ብቸኛ የሆነው ለምን እንደሆነ አሁን አወቀ፤ ውድ ያደረገው የእኒህ ሰው ኀፍረት ነው። ቢሆንም የመጣበትን አልረሳም።

«ጋሼ፣ እኔ እንደምንም ብዬ ያተረፍኳት ነች። አሁን ሰው ስምዎን በክብር ነው የሚያነሣው። እዚህች ፕላስቲክ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ» ብሎ ማርከር አውጥቶ ዘረጋላቸው።

ማርከሩን ተቀበሉ፤ ክዳኑን ግን አልከፈቱም። «ፍርድ ቤት ቃሉ ሥር የፈረመ ሰው ምን አደረገ ይባላል?»

«አመነ።»

«እህ። እኔ ከዚህ ስም ሥር ብፈርም ለማኝ ነኝ ብዬ አመንሁ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ያላመንሁትን ዛሬ እንዴት አምናለሁ? ክፈተውና ፊደሉን ላርመው። ከዚያ ደስ እያለኝ እፈርማለሁ።»

«ከተከፈተ ዋጋ የለውም ጋሼ። እንዲያ ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ፣ ልክ ፊደሉ ባለበት ቦታ ላይ ያርሙት።»

«ፕላስቲኩ ነው እንዴ የተሳሳተው?» አሉ ጋሼ ይርሳው።

ሙሐመድያሲን ተናደደ። እንግዳ ሆኖ መቆጣት ነውር ስለሆነበት ልደውል ብሎ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ግቢው ውስጥ የጌሾ ዛፍ ሥር ቆሞ ለባምላኩ ነገሩን አስረዳው፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እንዳትከፍተው» አለ ባምላኩ። «ሰው የሚፈልገው እኮ ስሕተቱን ነው። ከታረመማ ምኑ ተለየ? ካልፈረሙ ተዋቸው፤ ያለ ፊርማ በመጀመሪያው ዋጋ እወስደዋለሁ። ነገ ላክልኝ።»

ስልኩን ዘግቶ አየኝ። «እታለም፣ ያለ ፊርማውም ክፍሏን እይዛለሁ» አለኝ። ትንሽ መደርደሪያ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ሱቁ ይከፈታል። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እኔም እኮ ሱቁን ፈልጌዋለሁ።

ልንሰናበታቸው ስንገባ ጋሼ ይርሳው መጽሐፉን እንደያዙ ነበር። አልተቆጡም። «ይቅርታ ልጄ፤ መንገድ አድክሜህ ባዶ እጅህን ሰደድሁህ» ብለው መለሱለት። «አልለምንህም፤ ከለመንሁህማ ማተሚያ ቤቱ ልክ ነበር ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መጨረሻው ላይ ዳኛው ለበቅሎዋ ከፈረደላት በኋላ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቃልሽን አምነሽ ፈርሚ ይላታል። አንድ ነገር ትመልስለታለች። ያኔ ስጽፈው ብቻዬን ስቄ ነበር። ምን እንደምትል ግን ጠፋብኝ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በየቀኑ አስበዋለሁ፤ አይመጣልኝም። ምን ነበር ያለችው?»

ሙሐመድያሲን አንገቱን ደፋ።

«አላነበብኩትም ጋሼ» አለ።

«ከመታሸጉ በፊትስ?»

«እንዳይታጠፍ ብዬ…»

ጋሼ ይርሳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደመሳቅም አሉ። «እንግዲያው የበቅሎዋን ቃል የሰማ አንድም ሰው የለም» አሉ። «መሪጌታ ከሽፋኑ አላለፉም። እኔም ጆንያው ከመጣ ወዲህ ከሽፋኑ አላለፍሁም፤ ሳልገልጠው ነው ያቃጠልሁት። አንተም አላነበብህም። ምስኪን፤ ከሳ ከሳ ሰሚ ሳታገኝ ቀረች።»

ሙሐመድያሲን ቆመ። መጽሐፉን አገላብጦ አየው፤ ቁጥሩን አየው። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ሲወስን የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል። ነከሰው።

«እትዬ አምሳለች፣ ቢላ አለዎት?» አለ።

«ሙሐመድያሲን» አልኩት። ክፍሏን፣ መደርደሪያውን፣ ሞባይል ጠጋኙን አስቤ እጁን ያዝኩት። «ነገ ይላካል ተብሏል እኮ።»

«ምን እንዳለች ሳላውቅ ልሽጣት?» አለኝ።

እትዬ አምሳለች የሽንኩርት ቢላ አመጡለት። የፕላስቲኩን ጠርዝ ይዞ ገፋው። ያ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ የመጣ ማሸጊያ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ። ሰባት ነጥብ አምስት የሚለው ወረቀት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። መጽሐፉን አውጥቶ ለጋሼ ይርሳው ሰጣቸው። እሳቸው ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱትና ለእኔ ዘረጉልኝ። «አንቺ አንብቢልኝ ልጄ፤ እኔ ሥዕሉን ልይ።»

በሩ አጠገብ ተቀምጠን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። በቅሎዋ ሸክም በዝቶባት፣ ጌታዋ ሲሰድባት፣ ሌሊት ሸሽታ ከተማ ስትገባ፣ ራፖር ጸሐፊው ማመልከቻ ሲጽፍላት አነበብኩ። ጋሼ ይርሳው ገጹን ወደ ደህናው ዓይናቸው እያስጠጉ «እዚህ ጆሮዋን አሳጥሬዋለሁ» ይላሉ፤ ወይም ቀልዱ ሳይደርስ ቀድመው ይስቃሉ። ሙሐመድያሲን ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ያያል። ዳኛው «ምስክር አለሽ?» ሲላት በቅሎዋ ዞራ የተላጠ ጀርባዋን ያሳየችበት ገጽ ላይ እትዬ አምሳለች «እሰይ» አሉ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን። ዳኛው ፈርዶላታል። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀት ዘርግቶ «ቃልሽን አምነሽ ፈርሚ» ይላታል። በቅሎዋ አንገቷን አቅንታ የምትለውን አነበብኩ።

«መጀመሪያ አንብቡልኝ። ያላወቅሁትን አልፈርምም።»

«እሱ ነው» አሉ ጋሼ ይርሳው። «እሱ ነበር። እሱ ነው ያለችው።» ከዚያ እያሳሳቃቸው ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ።

የመጨረሻዋ ሥዕል የበቅሎዋ ኮቴ በቀለም ተነክሮ ወረቀቱ ላይ ያረፈበት ነው። ከኮቴው አሻራ ሥር በጣም በትንሹ በእጅ የተጻፈ ነገር አለ። ማንበቡን ልተወው ነበር፤ ግን ወንድሜ ጣቱን አስቀደመ።

«እዚህ ጋ ስምዎ አለ» አለ።

«የት?»

«ከኮቴው ሥር። ሠዓሊ ይርሳው ፋንታ ይላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። «ጋሼ… ይኸኛው ሰ ሌላ ነው። ሦስት እግር ያለው፣ ወደ ላይ የተከፈተው። ሁለተኛውም ክብ ነው።»

ጋሼ ይርሳው ገጹን ዓይናቸው ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም። በጣታቸው ፊደሉን ተከተሉት። «ንጉሡ ሠ» አሉ። «ዓይኑ ዐ። በእጄ። ፈርሜ ነበር ለካ።»

እትዬ አምሳለች አለቀሱ። «ሠላሳ ዓመት» አሉ። «አንድ ጊዜ እንኳ ብንገልጠው ኖሮ።» ጋሼ ይርሳው እጃቸውን ያዟቸው። እኔ ስልኬን ከእጄ መቼ እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ ቪዲዮው የበሩን መቃን ብቻ ነው የቀረጸው።

ሙሐመድያሲን ብዕር ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። «አሁን ሽፋኑን ያርሙት» አላቸው።

አሰቡበት። «ይቅር» አሉ። «ሰሙ ከውጭ ነው፤ ወርቁን የከፈተ ያገኘዋል። ይልቅ ለአንተ ማስታወሻ ልጻፍልህ። ስምህን በየትኛው ሀ ነው የምትጽፈው?»

ወንድሜ የዚህ ዓይነት ጥያቄ አስቦ አያውቅም። መታወቂያውን አውጥቶ አሳያቸው። «ሙሀመድያሲን» ይላል፤ በሃሌታው ሀ።

«ቁርኣን ስትቀሩ ይህችን ድምፅ ከየት ነው የምታወጧት?»

ሙሐመድያሲን ከጉሮሮው አውጥቶ አሰማቸው።

«እሷ ነች። ለዚያች ድምፅ የእኛም አባቶች ለብቻዋ ፊደል ሰጥተዋታል፤ ሐመሩ ሐ ትባላለች። እንግዲህ ያንተም ስም እንደኔው ተሳስቶ ኖሯል፤ አንተ ግን የሚስቅብህ ተማሪ አልነበረም» አሉትና ከበቅሎዋ ኮቴ አጠገብ፣ ከራሳቸው ስም ጎን ጻፉለት። «ማስታወሻነቱ ለሙሐመድያሲን፤ ለከፈተው።»

ሞጣ ስንመለስ ለባምላኩ ደወለ። ተከፍቷል፣ ውስጡም የሰው ስም ተጽፎበታል ሲለው ባምላኩ በትሕትና አይሆነኝም አለ። ክፍሏን ሞባይል ጠጋኙ ያዛት። እኔ ተናደድኩ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። እሱ ግን ከሱቄ ጀርባ ተቀምጦ ላስቲኩን አንድ በአንድ እየቀደደ ያነብ ጀመር። ጨርቅ እየለካሁ ከግድግዳው ወዲያ ብቻውን ሲስቅ እሰማዋለሁ። «ከሳሿ በቅሎ»ን ያየ ሰው ሁሉ እየተቀበለ ስላነበባት የመጨረሻው ገጽ ጥጉ ታጥፏል።

ጋሼ ይርሳው ኦፕሬሽኑን አድርገው ግራ ዓይናቸው መለስ አለ። እትዬ አምሳለች ደውለው እርሳስ መግዛታቸውን ነገሩን።

በዚያው ሰሞን መታወቂያችንን ለማደስ አብረን ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ መረጃውን አስገብታ ወረቀቱን አትማ ለወንድሜ ዘረጋችለት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችው።

«መጀመሪያ ላንብበው» አለ።

ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ። ሙሐመድያሲን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ከዚያ ስሙ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እህቴ፣ ይህችን ሀ ቀይሪልኝ። በሐመሩ ሐ ነው የምጽፈው።»

«ያው ነው እኮ ጋሼ፤ ድምፁ አንድ ነው። ማንም አይለየውም።»

«አውቃለሁ» አላት። «እኔም አልለየውም ነበር።»

ልጅቷ አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩላት። ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ፊደሉን ፈልጋ አረመችው። ሙሐመድያሲን እንደገና አነበበው። ከዚያ ፈረመ።